ትልቅ ስልክ፣ ሰፊ ምጣድ

የዛሬው ቃላችን «የአገልግሎት ዋጋ» ነው። የአገልግሎት ዋጋ ማለት የመግዣው ብር ከነጥገናው፣ ዕቃው ላገለገለን ጊዜ ሲካፈል ነው። ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ገብታችሁ ትልቅ ስልክ ብትጠይቁ ሻጩ የሚነግራችሁ መግዣውን ብቻ ነው። እስቲ ምጣድን እናስብ። ሰፊ ምጣድ ሰፊ እንጀራ ያወጣል። ግን ለማንሳት ይከብዳል፤ ከተሰነጠቀም የሚተካው ሙሉው ነው። ትልቅ ስልክም እንደዚያው ነው። በአንድ እጅ ለመያዝ አይመችም፤ ከኪስም ብቅ ይላል። ሲወድቅ ደግሞ መስታወቱና ስክሪኑ አብዛኛውን ጊዜ የተጣበቁ ስለሆኑ አብረው ይቀየራሉ።

«ባትሪው ይቆያል እኮ» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ትልቅ ስልክ ለትልቅ ባትሪ ቦታ አለው። ነገር ግን ሰፊው ስክሪንም ብዙ ኃይል ይበላል። በዚያ ላይ የሊቲየም ባትሪን ሙቀት ያስረጀዋል፤ የድሬን ፀሐይ ደግሞ ታውቋታላችሁ። «ታዲያ ርካሹን ልግዛ?» ለሚልም መልሱ የግድ አይደለም ነው። ቶሎ ቶሎ የሚቀየር ርካሽ ስልክ የአገልግሎት ዋጋው ሊበልጥ ይችላል። በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ የውጭ ዕቃ መተካት ከብዷል። ስለዚህ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ጠይቁ። መለወጫ ስክሪኑ እዚሁ ይገኛል? በስንት ይቀየራል? ዋስትናውስ እዚህ አገር ይሠራል? የጥገናውን ዋጋ ከመግዣው ጋር ደምሩና ስልኩ ለሚያገለግላችሁ ጊዜ አካፍሉት። የአገልግሎት ዋጋ ማለት ያ ነው።