የጣሪያ ጭነትና የማሰሪያ ነጥቦቹ፦ ወደ አቦምሳ በሚመጣ የውኃ ቱቦ ምሳሌነት



ዛሬ የምንነጋገርበትን ጉዳይ ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ መንገድ ዳር ብትቆሙ ታዩታላችሁ። ከአቦምሳ ዝቅ ብሎ በአዋሽ ዳር የሚያመርት ገበሬ ውኃ የሚስበው በፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ ባለ 6 ሜትሩ ቱቦ ደግሞ በሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ፣ ከተሳፋሪው ራስ በላይ ታስሮ ይመጣል። የሚያስረው ረዳቱ ነው። ከታች ያሉት ሰዎች ሕይወት በእርሱ ቋጠሮ ላይ መሆኑን ግን በሒሳብ ያስላለት የለም።

ይህንኑ ችግር በሌላ አገር አጥብቀው የመረመሩት ካያክ የምትባለውን ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባ በመኪና ጣሪያ የሚያጓጉዙ ሰዎች ናቸው። ጀልባዋም እንደ ቱቦው ረጅም፣ ቀላልና ልሙጥ ናት። እነርሱ መሐሏን በሁለት ቀበቶ ወደ ታች ያስራሉ፤ ከፊትና ከኋላ ጫፏም አንዳንድ ገመድ ወደ መኪናው አካል ያወርዳሉ። የፊቱ ገመድ ለምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ ተማሪዎቼ አብዛኛውን ጊዜ «ለፍሬን» ይሉኛል። ለካያኳ መልሱ ስሕተት ነው።

ገመድ መጎተት እንጂ መግፋት አይችልም፤ ስለዚህ ጭነትን የሚይዘው ጭነቱ ከማሰሪያው ነጥብ ሲርቅ ብቻ ነው። ጀልባዋ ከመኪናው ካጠረች፣ ከአፍንጫዋ የሚወርደው ገመድ ወደ ፊት ያዘነብላል። ፍሬን ተይዞ ጀልባዋ ወደ ፊት ስትንሸራተት ይህ ገመድ ይረግባል፤ የሚይዛት የኋለኛው ነው። ቱቦአችን ግን ከሚኒባሱ ይረዝማል። ጫፉ ከመኪናው አፍንጫ አልፎ ከወጣ ገመዱ ወደ ኋላ ያዘነብላልና ፍሬኑን የሚሸከመው የፊተኛው ይሆናል።

ነጥቡስ የት ይሁን? የፊት መከላከያው ፕላስቲክ ከሆነ አይታመንም። የመጎተቻው የብረት ቀለበት፣ ወይም በኮፈኑ ሥር በአካሉ ቡሎን የተያዘ የጨርቅ ማሰሪያ ቀለበት ይሻላል። በእኛ ዘንድ ሁሉም ገመድ ፖርቶመጋላው ላይ ያልቃል፤ ፖርቶመጋላው ራሱ በምን እንደተያዘ የሚያይ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን የቱቦ እስር እንውሰድ፤ ክብደቱ 588 ኒውተን ያህል ነው። የአውሮፓው የጭነት ማሰሪያ ደረጃ፣ ኢኤን 12195፣ በከባድ መኪና ላይ ለፍሬን የክብደቱን 0.8 እጅ ያስባል፤ እኛም ብንዋሰው 470 ኒውተን ይሆናል። ረዳቱ ሁለት ገመድ በእስሩ ላይ አሳልፎ እያንዳንዱን በ300 ኒውተን ቢወጥር፣ ገመዶቹም ከአግድመቱ 30 ዲግሪ ቢያዘነብሉ፣ ወደ ታች የሚጫኑት በድምሩ 600 ኒውተን ነው። ከክብደቱ ጋር 1188 ይሆናል። ለልሙጥ ፕላስቲክ በብረት ላይ የሰበቃውን መጠን 0.2 ብንል የምናገኘው 238 ኒውተን ብቻ ነው፤ ከሚያስፈልገው ግማሽ ያህል። ገመዱ ሳይበጠስ ቱቦው ይሄዳል ማለት ነው። ብዙዎቻችን ግን ከአደጋ በኋላ የምንመረምረው ገመዱን ነው።

እዚህ ላይ ካላማዳሪን ላንሣ። ረዳቶቻችን አሮጌ ካላማዳሪ ቀደው እንደ ገመድ ያስሩበታል። ለዚህ ሥራ አይመችም፤ ስለሚለጠጥ ጭነቱን ከመንቀሳቀስ አያግደውም። ከጭነቱ ሥር በፖርቶመጋላው ብረት ላይ ቢነጠፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ለጸረ መንሸራተት ምንጣፍ ያው ደረጃ የሚወስደው የሰበቃ መጠን 0.6 ነው። አሮጌ ጎማ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ወደዚያ ከተጠጋ 1188 በ0.6 ሲባዛ 713 ኒውተን ይሰጣል። ገመዶቹ አልተለወጡም፤ ወጪውም ከጎማ ጠጋኙ ዘንድ የሚጣል ቁራጭ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ጎማውን የሚነኩት የታችኞቹ ቱቦዎች ብቻ ናቸው። በእስሩ መካከል ያለው ቱቦ ከሌሎች ቱቦዎች መሐል ተስፈንጥሮ ሊወጣ ይችላል፤ ጎማው አያድነውም። ስለዚህ የእስሩ ሁለቱ አፎች በሸራ ተሸፍነው በገመድ መታፈን አለባቸው፤ የጫፍ ገመዶቹም የሚያያዙት ከዚህ መታፈኛ ጋር ነው። ናይለን ሲወጠር ስለሚረዝም፣ ከተነሡ ከጥቂት ኪሎ ሜትሮች በኋላ ቆሞ እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል።

ጎማውንና ገመዱን በግቢው ባለው ሚኒባስ ላይ አዘጋጅተናል፤ ጥያቄዎቻችሁን እዚያው እቀበላለሁ።