የሰማነውና ያነበብነው «ፍቅር እስከ መቃብር»

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሒሳብ የምንይዝ ሰዎች ስለ ልብ ወለድ ምን አገባን እንዳትሉን፤ ነገሩ ከቁጠባ ደብተራችን ጋር ይገናኛል።

«ፍቅር እስከ መቃብር» በቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ ሲቀርብ በቡና ሰዓታችን ክርክር ተነሣ። ከፊሎቻችን የሐዲስ ዓለማየሁን መጽሐፍ አንብበናል። ታላላቆቻችን ግን የሚያውቁት በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። «ከእሱ ወዲያ ማን ሊተርከው!» አሉን። እውነት አላቸው፤ አንድ ሰው ብቻውን ፊታውራሪ መሸሻንም ጉዱ ካሣንም ሆኖ ቤቱን ይሞላዋል። ክርክሩን ለመጨረስ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን መጽሐፍ ጮክ ብለን ማንበብ ጀመርን።

ልዩነቱ የታየን ያኔ ነው። ሬዲዮው የሰውየውን ድምፅ መርጦ ይሰጠናል፤ ቴሌቪዥኑ የሰብለ ወንጌልን መልክ ጭምር ይወስንልናል። ሁለቱም ደስ ይላሉ፤ ግን በራሳቸው ፍጥነት ያልፋሉ። ባሎቿ ሞተውባት ብቻዋን የቀረችው ውድነሽ በጣሙ ከቦጋለ መብራቱ ጋር ትዳር የምትመሠርትበት ክፍል ላይ ስንደርስ፣ አንዲት እናታችን «እስቲ መልሱልኝ» አሉ። ሦስት ጊዜ አነበብንላቸው። «ሬዲዮው እኮ አይመለስልኝም ነበር» አሉና፣ ትንሽ ዝም ብለው፣ «የእኔንም ደብተር እንዲህ መልሳችሁ አንብቡልኝ» አሉን።

አነበብን። የጥቅምትና የኅዳር ቁጠባቸው፣ 400 ብር፣ በሞክሼያቸው ገጽ ላይ ተመዝግቦ አገኘነው። ስሕተቱ የእኛ ነው። አውራ ጣታቸውን ያሳረፉትም እዚያው በሌላ ሰው ገጽ ላይ ነበር። ማንበብ ቢችሉ ኖሮ ያን ዕለት ይይዙን ነበር። ይቅርታ ጠይቀን አስተካክለናል።

ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው አስተማሪ ሲያመጡ ያሰቡት ፊደል እንድትቆጥር ብቻ ነበር። ሰብለ ግን በዛብህ ፊት ተቀምጣ ስትማር ከአባቷ ፈቃድ ውጭ የራሷን ልብ አገኘች። ፊደል እንዲህ ነው፤ ከታሰበለት ቦታ አልፎ ይሄዳል።

ስለዚህ ከቁጠባ በኋላ ግማሽ ሰዓት የንባብ ጊዜ ጀምረናል። የምናውቅ ለማያውቁ እናሳያለን፤ መጀመሪያ የየራሳችንን ስም፣ ቀጥሎ የየራሳችንን ደብተር። ደጋፊዎቻችን «ምን እንርዳችሁ?» ስትሉን፣ ደብተር፣ እርሳስና የማንበቢያ መነጽር ብትሉ ደስ ይለናል።

የወጋየሁንም ትረካ አልተውነውም፤ ቡናው ሲፈላ እንሰማዋለን። እናታችንም አሁን በአውራ ጣታቸው ሳይሆን በስማቸው ይፈርማሉ፤ ከመፈረማቸው በፊት ግን ገጹ የማን እንደሆነ ያያሉ።