መጤ ዓሣ በአስጋሪው ዓይን፦ ካርፕና አምባዛ በዝዋይ ሐይቅ



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ዓሣ ቢሆንም ይበልጡን የምናገረው ስለ ሰው ነው። ስለ መጤ ወራሪ ዝርያዎች በምንጽፋቸው ጥናቶች ውስጥ ዓሣ አስጋሪው ብዙውን ጊዜ ብቅ የሚለው በመጨረሻው አንቀጽ፣ ግንዛቤ ሊፈጠርለት ይገባል በሚለው ምክር ነው። እኔ ግን አስጋሪው ለመጤ ዓሣ ያለው አመለካከት የዕውቀት ጉድለት ውጤት አይመስለኝም። ከያዘው መሣሪያ፣ ከሚሸጥበት ገበያ፣ ከሚቀርብበት ማዕድና ከራሱ ዕድሜ የሚመነጭ ፍርድ ነው። ይህን ፍርድ ሳይረዳ የሚወጣ መመሪያ ከወረቀት ወርዶ ውኃው ዳር አይደርስም።

«መጤ» ስለሚለው ቃል ጥቂት ብዬ ልለፍ። በአገራችን ቃሉ ሰውን ከሰው ለመለየት ሲውል ስለኖረ ወደ ሥነ ሕይወት ስናመጣው ያንኑ ሸክም ተሸክሞ ይመጣል። እኔ የምጠቀምበት በጠባብ ትርጉሙ ነው፤ በሰው እጅ ተጓጉዞ ቀድሞ ወዳልነበረበት ውኃ የገባ ዓሣ ማለቴ ነው። ወራሪ የምንለው ደግሞ ተራብቶና ተስፋፍቶ የነባሩን ሕይወት ሲያናጋ ብቻ ነው። መጤ ሁሉ ወራሪ አይደለም።

ሁለት ሩቅ አገሮችን አስቀድሜ ላንሣ፤ የእኛን ጉዳይ ለማየት ይረዱናልና። ካርፕ ወደ ብሪታንያ የገባው በመካከለኛው ዘመን ነው፤ የአገሩ ተወላጅ ዓሣ አይደለም። ይሁን እንጂ ዛሬ በዚያ አገር ለመዝናኛ በመንጠቆ የሚያጠምዱ ሰዎች እንደ ካርፕ የሚያከብሩት ዓሣ ጥቂት ነው። ለማጥመድ ይከፍላሉ፤ ሲይዙት በረጠበ ለስላሳ ምንጣፍ ላይ ያስተኙታል፤ መንጠቆው ያቆሰለውን ቦታ መድኃኒት ይቀቡታል፤ መዝነውና ፎቶግራፍ አንሥተው ወደ ውኃው ይመልሱታል። ለታላላቆቹ ዓሦች የየግል ስም እስከማውጣት ደርሰዋል። በአውስትራሊያ ደግሞ ያው ካርፕ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በመሪ–ዳርሊንግ ተፋሰስ ተዛመተ፤ የ1974 ጎርፍ ይበልጥ አሰራጨው፤ በአንዳንድ ቦታዎች ከጠቅላላው የዓሣ ክብደት ከ80 በመቶ በላይ የሚይዘው እርሱ ነው። በኩዊንስላንድ የተያዘን ካርፕ በሕይወት ወደ ውኃ መመለስ በሕግ የተከለከለ ሲሆን፣ አጥማጆችም ካርፕን ለመግደል ውድድር ያዘጋጃሉ።

ዓሣው አንድ ነው፤ መንጠቆውም አንድ ነው። የሚለየው ትዝታው ይመስለኛል። ካርፕ ያልነበረበትን ውኃ የሚያስታውስ እንግሊዛዊ የለም፤ አውስትራሊያዊው አጥማጅ ግን አያቱ ምን ዓይነት ዓሣ ይይዙ እንደነበር ሲነገረው አድጓል።

አሁን ወደ ዝዋይ፣ ወይም በሌላ ስሙ ወደ ደምበል እንምጣ። ሐይቁ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን 2.5 ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ይህ ቁጥር ቀላል አይደለም። ካርፕ ምግቡን የሚፈልገው ወለሉን እየቆፈረ ነው፤ እንዲህ ባለ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ውስጥ ደለሉን ሲበጠብጠው ውኃው ይደፈርሳል፣ የውኃ ውስጥ ተክልም ይነቀላል። ቀረሶ ደግሞ የመራቢያ ጎጆውን የሚቆፍረው በዳርቻው ጥልቀት በሌለው ስፍራ ነው። ሐይቁ ይታወቅ የነበረው በቀረሶና በቢልጫ ሲሆን፣ ካርፕና አምባዛ የመጡት ባለፉት አሥርት ዓመታት ነው።

ታዲያ አስጋሪው ስለ እነዚህ እንግዶች ምን ያስባል? መልሱ «የትኛው አስጋሪ?» የሚል ሌላ ጥያቄ ያስከትላል። ለቀረሶ የተዘጋጀ መረብ የሚጥለው ሰው ካርፕን በበጎ ዓይን አያየውም፤ የጀርባው ክንፍ መጋዝ መሰል እሾህ መረቡን ይይዛል፣ አስጋሪውም ሲፈታና ሲጠግን ጊዜው ያልፋል። በረጅም ገመድ ላይ መንጠቆ ደርድሮ የሚያድር ሰው ግን አምባዛ ባይመጣ ኖሮ ከሥራው ብዙውን ባጣ ነበር። ጎታች መረብ ያላቸው ሰዎች የገባውን ሁሉ ይሰበስባሉ፤ ለእነርሱ የዝርያ ክርክር ከሚዛን በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው። ጎታች መረቡ ራሱ የቀረሶን ጎጆ እየጠረገ እንደሚያልፍ ግን መዘንጋት የለበትም።

በገበያው ደግሞ ሌላ ሕግ ይሠራል። አምባዛ ቅርፊት የለውም። በኦሪት ዘሌዋውያን ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ እንስሳ እንዳይበላ መከልከሉን አጥብቀው የሚይዙ ምእመናን ስላሉ፣ አምባዛ በብዙ ቤት አይገባም፤ ዋጋውም ከቀረሶ ያንሳል። ካርፕ ቅርፊት ስላለው ከዚህ ፈተና ያልፋል፤ ነገር ግን በሥጋው ውስጥ የተበተኑት ባለ መንታ ጫፍ ቀጫጭን አጥንቶች ተመጋቢውን ያስቸግራሉ። በዐቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊ ሲበዛና ቀረሶ ሲወደድ ግን ትናንት የተናቀው ዓሣ ዛሬ ይፈለጋል። በጾም ዓሣ መብላት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼ፣ ገበያው ግን መልሱን ሳይጠብቅ እንደሚንቀሳቀስ ብቻ እናገራለሁ። እንግዲህ አንድ ሰው በኅዳር «ወራሪ» ያለውን ዓሣ በመጋቢት «በረከት» ቢለው እርስ በርሱ ተጋጨ ልንለው አንችልም።

አስጋሪዎች ለተመራማሪ ደጋግመው የሚያነሡት ሌላ ሐሳብ አለ፤ ቀረሶን የጨረሰው እንግዳው ዓሣ ብቻ አይደለም ይላሉ። ለመስኖና ለአበባ እርሻ የሚሳበውን ውኃ፣ የሚጠበውን የመረብ ዐይን፣ የሚመነጠረውን የዳርቻ ደንገል ያነሣሉ። ይህን ራስን መከላከል ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እኔ ግን በአመዛኙ ትክክል ናቸው እላለሁ። ካርፕ የተጎዳ ሐይቅን ያባብሳል፤ ሐይቁን የጎዳው ግን እርሱ ብቻ አይደለም። ካርፕን ብቻ ስንከስ ከባዱን ውይይት ከባለ ፓምፑ ጋር ሳናደርግ እንቀራለን።

የዕድሜን ነገር ደግሞ ላንሣ። የዓሣ ሀብት ተመራማሪው ዳንኤል ፖሊ በ1995 (እ.ኤ.አ.) እያንዳንዱ የዓሣ ሀብት ተመራማሪዎች ትውልድ ሥራውን ሲጀምር ያገኘውን የዓሣ ሁኔታ እንደ ትክክለኛ መነሻ ስለሚወስድ ጉዳቱ ሳይታወቅ እየተደመረ እንደሚሄድ ጽፏል። በዝዋይ ዛሬ 20 ዓመት የሆነው ወጣት አምባዛ የሌለበትን ሐይቅ አያውቅም። ለእርሱ መጤ አይደለም፤ ሐይቁ ማለት ይኸው ነው። በደሴቶቹ ላይ ለብዙ ትውልድ ዓሣ ሲያሰግሩ ከኖሩት የዛይ አረጋውያን ጋር ይህ ወጣት ስለ አንድ ሐይቅ ቢነጋገር፣ የሚነጋገሩት ስለ ሁለት ውኃዎች ነው።

ሌላው ምሳሌ የናይል ፐርች ነው። ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ገብቶ በመቶ ለሚቆጠሩ ትናንሽ ዝርያዎች መጥፋት ወይም መመናመን ዋነኛ ምክንያት ሆነ፤ በዚያው ልክ ወደ አውሮፓ የሚላክ ሸቀጥና የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆነ። በእኛ ጫሞ ሐይቅ ግን ያው ዓሣ ነባር ነው፤ ሥጋቱም መብዛቱ ሳይሆን በመረብ ብዛት መመናመኑ ነው። «መጥፎ ዓሣ» የሚባል ነገር እንደሌለ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ይህ ሁሉ ግን «ሁሉም አመለካከት እኩል ነው» ወደሚል መደምደሚያ እንዳይወስደን እሰጋለሁ። ጣናን እናስብ። በሐይቁ 15 ያህል የሚሆኑ፣ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ትላልቅ የላቢዮባርበስ ዝርያዎች አሉ፤ ጢስ ዐባይ ፏፏቴ ከታችኛው ውኃ ለይቶ ያኖራቸው ናቸው። ፏፏቴው ከታች የሚመጣን ዓሣ ያግዳል፤ በባልዲ የሚመጣን ግን አያግድም። በተፋሰሱ ውስጥ የካርፕ ኩሬ እንዳይቆፈር አጥብቄ የምከራከረውም ስለዚህ ነው። በዝዋይ ካርፕን ማውጣት ዛሬ የሚቻል አይመስለኝም፤ ስለዚህ አስጋሪው ቢሸጠውና ቢበላው ተቃውሞ የለኝም። በጣና ግን ነገሩ ገና ከመጀመሩ በፊት የሚወሰን ነው፤ የሚያሳስበኝም ከዝዋይ ጥሩ ሽያጭ ያየ ሰው በቅን ልቡና «ለእኛም ይምጣልን» ማለቱ ነው።

ስለዚህ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻችን አንድ ሥራ ላቀርብ እወዳለሁ። ዝዋይን ካርፕና አምባዛ ሳይገቡበት በፊት ያሰገሩ ሰዎች አሁን አርጅተዋል። የትኛው ዓሣ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ዳርቻ፣ በምን መረብ ይያዝ እንደነበር የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። መቅረጫችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ መጠይቁን ኋላ ታደርሱበታላችሁ። ጠዋት ጀልባ ሲመለስ ሳይሆን ከሰዓት በኋላ መረብ ሲጠገን ሂዱ፤ በዚያን ሰዓት ጊዜ አላቸው።

ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።