የካሚዮን የፊት እግር እንዴት ይፈተናል?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ለኢንጂኔሪንግ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ክረምት በአንድ ጋራዥ ለልምምድ ስሠራ ሳለሁ አንድ ፒክአፕ በሌላ መኪና ተጎትቶ መጣ። የታችኛው ቴስቲና ከማቀፊያው ወጥቶ የግራው የፊት ጎማ እንደ ተሰበረ ክንፍ ተጋድሞ ነበር። ሾፌሩ በዝግታ ይነዳ ስለ ነበረ ተርፏል። ባለንብረቱ ግን «መኪናው እኮ ባለፈው ወር ተፈትኖ አልፏል!» እያለ ይከራከራል። የጋራዡ አለቃ ብዙ ሳይናገር፣ «ጌታዬ፣ የተፈተነው ባዶውን ነው ወይስ ተጭኖ?» ሲል ጠየቀው። መልስ አልተገኘም። የዛሬው ንግግሬ ከዚህች ጥያቄ የተነሣ ነው።

አስቀድሜ ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል። በቀድሞው ዓይነት ካሚዮን ሁለቱ የፊት ጎማዎች በአንድ ወፍራም አክስል ተያይዘው በባሌስትራ ይደገፋሉ። አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሌላውም አብሮ ያዘነብላል። በሌላው ዓይነት ግን እያንዳንዱ ጎማ ከላይና ከታች በሁለት ክንዶች ተይዞ ለብቻው ይወጣል፤ ለብቻው ይወርዳል። ስለዚህ ጎማው መሬቱን በደኅና ይይዛል፤ መሪው አይነጥቅም፤ ነጂውም ቶሎ አይደክምም። ጥቅሙ ይህ ሲሆን ዋጋው የመጋጠሚያዎቹ ብዛት ነው። በየወገኑ ቴስቲናዎችና የክንድ ቦኮላዎች አሉ፤ የፊቱ ጎማ በሞተር የሚነዳ ከሆነም ተጣጣፊ ሴሚያስ ከነላስቲክ ልባሱ ይጨመራል። ከእነዚህ አንዱ ከደከመ የሌሎቹ ብርታት አያድንም።

እንግዲህ ይህ የፊት እግር ከአስፋልት ወጥቶ ይበረታል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሦስት ነገር መለየት አለበት፤ ምን ያህል ተጭኖ? በምን ዓይነት መንገድ? ስንት ጊዜ ተደጋግሞ?

ከመጨረሻው ልጀምር። ብረት ይደክማል። አውጉስት ቮለር የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ በ19ኛው መቶ ዓመት በባቡር አክስሎች ላይ መርምሮ እንዳሳየው፣ አንድ ጊዜ ቢጫኑት የማይሰበር ብረት ከዚያ ባነሰ ሸክም እየተደጋገመ ቢመታ ይሰበራል። በተበየደ ብረት ላይ በሚሠራበት የተለመደ ስሌት፣ ውጥረቱ በሩብ ቢጨምር ዕድሜው ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ ውጥረቱ እጥፍ ቢሆን ወደ ስምንተኛ ይወርዳል። «ትንሽ ብጨምርበት ምን ይሆናል?» ለሚል ጫኝ መልሱ ይኸው ነው። ከዚህም በላይ፣ ሸክም የበዛበት ክንድ አስቀድሞ ወደ ማቆሚያው ላስቲክ ስለሚጠጋ ሞላው የሚውጠውን ምት ብረቱ ይቀበለዋል።

መንገዱንም እንመልከት። መሐንዲሶች በታችኛው ክንድ ላይ ውጥረት የሚለካ ቀጭን መሣሪያ ለጥፈው በእውነተኛ መንገድ ላይ ይነዳሉ። ከተመዘገበው ውስጥ ጉዳት የማያደርሰውን ትተው፣ ጎጂውን ምት ብቻ በድንጋይ ንጣፍ ላይ ወይም በቤተ ሙከራ በሃይድሮሊክ ማሽን ይደጋግሙታል። በዚህ ዘዴ የብዙ ዓመት ድካም በጥቂት ሳምንታት ይታያል። ነገር ግን ማፋጠን ወጥመድ አለው። በችኮላ ሲመታ የሾክ አብዞርበሩ ዘይት ከልክ በላይ ግሎ ሥራውን ያቆማል፤ ያን ጊዜ የሚሰበረው ክንድ በመንገድ ላይ የማይሰበር ሊሆን ይችላል። ደረቅ የድንጋይ ንጣፍም ስለ ጭቃ አይመሰክርም። ልባሱ ተቀዶ አሸዋና ውኃ ሲገባ ቴስቲናውን የሚበላው ዝገትና ፍትጊያ ነው። ስለዚህ ጥሩ ፈታኝ በየደረጃው አቁሞ ይፈታል፤ የቴስቲናውን መላላት ይለካል፤ የጎማውን አቀማመጥ ያያል፤ ስንጥቅ በቀለም ይፈልጋል።

ለሁሉም ምሳሌ የሚሆነን የአሜሪካ ጦር ሃምቪ የተባለው መኪና ነው። አራቱም ጎማዎቹ ለየራሳቸው የሚንቀሳቀሱ ናቸው፤ በጎማው ልብ ላይ ባለው ጥርስ አማካይነት ሴሚያሱ ከፍ ብሎ ስለሚገባ ሆዱ ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። በ1982 እ.ኤ.አ. ናሙናዎቹ በበረሃና በብርዳም ስፍራ ጭምር ከ600,000 ማይል በላይ ተፈተኑ። በ1983 ኤ.ኤም. ጄኔራል የተባለው ኩባንያ የአምስት ዓመት ውል ተቀበለ፤ የታዘዘውም 55,000 መኪና ነበር። ባዶው ክብደት 2,400 ኪሎ ያህል ነው። በ2003 የኢራቅ ጦርነት ከተነሣ በኋላ ግን ወታደሮች በመንገድ ከተቀበረ ፈንጂ ለመዳን ሲሉ፣ ለዚያ ባልተሠሩት መኪኖች ላይ ብረት ለበጡ። ያን ጊዜ ሞላውም፣ መጋጠሚያውም፣ ሴሚያሱም ያለ ጊዜው ያልቅ ጀመር። በፋብሪካ ጋሻ የለበሰው ዓይነት እግሩ ተጠናክሮ ቢሠራም ባዶው ክብደት ከ4,000 ኪሎ በላይ ነበር። በመጨረሻም በ2015 ጦሩ ጋሻው ከመነሻው የተሰላበት አዲስ መኪና ከኦሽኮሽ ኩባንያ አዘዘ፤ የዚህም ጎማዎች ለየራሳቸው የሚንቀሳቀሱ ናቸው።

የ1982ቱ ፈተና ዋሽቶ ነበር ወይ? አልዋሸም። ለተጠየቀው መልሷል፤ በኋላ የተለወጠው ጥያቄው ነው። ነፍሱን ለማዳን ብረት የጫነውን ወታደር ማንም ሊወቅሰው አይችልም፤ ነገር ግን የቀድሞው ፈተና ለአዲሱ ሸክም ምስክር ሊሆን አይችልም ነበር።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ነገ ከእኛ አንዳንዱ «ተፈትኖ አልፏል» በሚል ወረቀት ላይ ይፈርማል። በበኩሌ የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከፊርማው በላይ ሦስት መስመር ጨምሩ። ይህን ያህል ተጭኖ፤ በዚህ መንገድ፤ ይህን ያህል ጊዜ። ሦስቱ ካልተጻፉ ያ ወረቀት ባለንብረቱን ያዘናጋዋል፤ ሾፌሩን ግን ከገደል አያድነውም።