የመተንፈሻ ቱቦና የአፍንጫ ቅርጽ በመንጋጋ ቀዶ ሕክምና



የላይኛው መንጋጋ አለቦታው ሲያድግ ጥርስ ከጥርስ አይገጥምም፤ ማኘክም መናገርም ይታወካል። ይህንን የሚያቃናው ቀዶ ሕክምና «ለ ፎር አንድ» ይባላል። ስሙ የተወሰደው ፈረንሳዊው ሐኪም ሬኔ ለ ፎር እ.ኤ.አ. በ1901 የፊት አጥንት በየትኞቹ መሥመሮች እንደሚሰበር ካሳየበት ጥናት ነው። ሐኪሙ መንጋጋውን ከአፍንጫ ሥር አግድም ቆርጦ ያላቅቅና በአዲሱ ቦታ በታይታንየም ሰሌዳና ብሎን ያስረዋል።

የሥራው ትክክለኛነት የሚታወቀው የላይኛውና የታችኛው ጥርስ ተገጣጥሞ ሲታሰር ስለሆነ፣ የመተንፈሻው ቱቦ በአፍ ሊያልፍ አይችልም። በአፍንጫ ይገባል። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል።

አጥንቱ ሲቆረጥ የአፍንጫን ክንፎች የሚይዙት ጡንቻዎች ከሥራቸው ይላቀቃሉ። መንጋጋው ወደ ፊት ወይም ወደ ላይ ሲሄድ ክንፎቹ ወደ ጎን ይንሸራተታሉ፤ አፍንጫውም ይሰፋል። ስለዚህ ሐኪሙ በመጨረሻ ሁለቱን ክንፎች ከውስጥ በክር ስቦ ያስራል። ምን ያህል ይሳብ? በካሊፐር ለክቶ መወሰን ይገባዋል፤ ነገር ግን በዚያች ሰዓት በአንደኛው ቀዳዳ ውስጥ የውስጥ ስፋቱ 7፣ የውጪው 9 ሚሊሜትር ተኩል ገደማ የሆነ ቱቦ ተወትፏል። ቀያሽ የመነሻ ችካሉ በተነቀነቀበት ሜዳ ላይ ከፍታ ይወስድ እንደ ማለት ነው። የ2 ሚሊሜትር ስሕተት በአፈር ግድብ ላይ ከቁጥር አይገባም፤ በሰው ፊት ላይ ግን ዘመድ ያየዋል።

ቱቦውን ማቅጠን መፍትሔ ይመስላል። ይሁን እንጂ አየሩ ሳይናወጥ ሲፈስ የቱቦ ተቃውሞ ከሬድየሱ አራተኛ ርቢ ጋር በተገላቢጦሽ ስለሚለዋወጥ፣ ከ7 ወደ 6 መውረድ ተቃውሞውን 1.85 እጥፍ ያደርሰዋል። ቀጭን ቱቦ በደምና በአክታም ፈጥኖ ይደፈናል። ከውፍረቱ ይልቅ ቅርጹ ይጠቅማል፤ ቀጥ ያለ ቱቦ በግድ ወደ ግንባር ሲታጠፍ ክንፉን ይስበዋል፣ ቆዳውንም ሊያቆስል ይችላል፤ አስቀድሞ ታጥፎ የተሠራው ግን ይህን ግፊት ይቀንሳል።

ስፔናዊው ሄርናንዴዝ አልቴሚር እ.ኤ.አ. በ1986 ሌላ መንገድ ገለጸ። ቱቦው በአፍ ይገባና ጫፉ ከአገጭ ሥር በተከፈተች ትንሽ ቀዳዳ ይወጣል። ጥርሱም አፍንጫውም ነጻ ይሆናሉ፤ ዋጋው ጠባሳ ነው፣ ማመርቀዝም ሊከተል ይችላል። አጥንቱ ከታሰረ በኋላ የአፍንጫውን ቱቦ ነቅሎ በአፍ መተካትም አለ፤ ጉሮሮ ባበጠበትና ደም ባለበት ሰዓት ግን ይህ ለሁሉ የሚመከር አይደለም።

ለብዙዎቹ ታካሚዎች የአፍንጫው መንገድ ይበቃል። ክንፎቹ ቱቦው ከመግባቱ በፊት ይለኩ፤ ሲታሰርም ያልተወተፈው ክንፍ ከፊት መሐል መሥመር ያለው ርቀት ይታይ። አፍንጫው አስቀድሞ ሰፊ ወይም ጠማማ ለሆነ ሰው ግን ቀዶ ሐኪሙና ሰመመን ሰጪው በዋዜማው ተመካክረው ቱቦውን ይምረጡ፤ ታካሚውም ከመፈረሙ በፊት ይነገረው።