የርዕሰ መምህሩ መካሪ ማን ነው?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



መሐንዲስ ስለ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች አመራር ለመናገር መነሣቱ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ነገ ሙያችንን የሚረከበው ወጣት ሒሳብና ፊዚክስ የሚማረው በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ጭምር ነውና ጉዳዩ የእኛም ነው። በ2015 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 845,099 ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ፣ ማለትም 3.2 ከመቶ ነበሩ። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው። ዛሬ የማነሣው ግን አንዱን፣ ይኸውም ት/ቤቱን የሚመራው ሰው ያለ መካሪ መተዉን ነው።

በእኛ ሙያ አዲስ ተመራቂ የድልድይ ንድፍ ብቻውን ፈርሞ አያወጣም፤ ልምድ ባለው መሐንዲስ ሥር ሆኖ ይሠራል። አዲስ መምህርም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከነባር መምህር ጋር ተጣምሮ ሥራውን እንዲለምድ መመሪያ ወጥቶለታል። ዐሥራ አምስት ዓመት ፊዚክስ ያስተማረው ከፍተኛ መምህር ርዕሰ መምህር ሆኖ ሲሾም ግን በአንድ የሹመት ደብዳቤ የበጀት፣ የሠራተኛ፣ የወላጅና የሕንፃ ኃላፊ ይሆናል። በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የት/ቤት አመራር ሥልጠና ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ሥልጠናው ያልቃል፣ ችግሩ ግን ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሱፐርቫይዘር ይጎበኘዋል ትሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው። ዳሩ ግን ሱፐርቫይዘሩ የሥራ አፈጻጸምን ይመዝናል። ነጥብ ለሚሰጠው ሰው «ይህን አላውቅበትም» ብሎ ገመናውን የሚገልጥ ማን ነው? መዛኝና መካሪ አንድ ሰው ሲሆኑ ምክሩ ይቀራል፤ ምዘናው ብቻ ይተርፋል።

መፍትሔውን ከሩቅ አገር መቅዳት አያስፈልገንም። ጋይንት የቤተ ልሔምና የዙር አምባ አገር ነው። ድጓን በሌላ ቦታ ለዓመታት የተማረ ሰው የድጓ መምህር ለመባል ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፤ ዝማሬ መዋሥዕትን የተማረውም ወደ ዙር አምባ ይሄዳል። ይህ ሰው ጀማሪ አይደለም፤ የሚሄደው ያወቀውን በሊቁ ፊት አቅርቦ ለመታረም ነው። የሚያገኘውም እርማት ነው እንጂ ለአለቃ የሚላክ ሪፖርት አይደለም። ከዚህ የምንማረው የተማረ ሰው መታረሙ ውርደት እንዳልሆነ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ማንኛውም አዲስ ርዕሰ መምህርና ምክትል ለሁለት ዓመት አንድ መካሪ ይመደብለት፤ መካሪውም በሥራው የተመሰገነ ነባር ወይም ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር ይሁን። ሁለተኛ፣ መካሪው ከሌላ ወረዳ ይምጣ፤ የእስቴው ወደ ስማዳ፣ የጋይንቱ ወደ እስቴ ይሂድ፤ በምዘናም ሆነ በዕድገት ጉዳይ እጁን አያግባ። ሦስተኛ፣ በወር አንድ ቀን ተገኝቶ የትምህርት ድልድሉን፣ የክፍል ውስጥ ሥራውንና የገንዘብ አያያዙን አብሮ ይመልከት፤ የውይይቱም ማስታወሻ በርዕሰ መምህሩ እጅ ይቅር። መንገድ በማይመች ጊዜ ስልክ ይተካዋል። ወጪውም ከባድ አይደለም፤ የትራንስፖርትና የውሎ አበል ነው።

ይህ ጉዳይ ለነገ የሚባል አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ዘልቆ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ደግሞ ብዙ ት/ቤቶች ተዘግተዋል። የተበተነ መምህርን መሰብሰብ፣ ከትምህርት የራቀን ልጅ ከነቤተሰቡ ማግባባት፣ የፈረሰን ክፍል ማስጠገን በአንድ ሰሞን ሥልጠና የሚገኝ ዕውቀት አይደለም። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ጊዜ ት/ቤት ሲመሩ የነበሩ አረጋውያን ግን ያውቁታል፤ ሳያልፉ እንጠይቃቸው።

የእኛም ድርሻ አለ። ለመንገድ ወይም ለውኃ ሥራ ወደነዚህ ወረዳዎች የምንወጣ መሐንዲሶች ከርዕሰ መምህሩ ጋር ግማሽ ቀን ተቀምጠን የክፍሎቹን ጉዳት መርምረን የጥገና ዕቅድና የወጪ ግምት ብናዘጋጅለት ከሸክሙ አንዱን አቀለልንለት ማለት ነው። ትምህርቱን የሚመራበት ጊዜም እናተርፍለታለን።