ቡሎኑ ሳይሆን ቀዳዳው
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና 130 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከምትገኘው ከደብረ ብርሃን ይደርሳል። በዚህ ጎዳና ላይ ለብዙ ዓመታት ሸክም ሲያመላልሱ ከኖሩት የጭነት መኪኖች መካከል ሾፌሩም መካኒኩም ‹‹ኤንትሬ›› የሚለው ፊያት 682 ኤን 3 ስሙ ቀድሞ ይነሣል። የ682 ምርት በጣሊያን አገር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። እንዲህ ያለው መኪና ለባለቤቱ ተራ ብረት አይደለም፤ ልጆች ያደጉበት፣ ቤት የተሠራበት የቤተሰብ ሀብት ነው። አባት ሲደክም መኪናው በግቢው ባሕር ዛፍ ሥር ይቆማል፤ ልጅ ሊያስነሣው ሲወስን ግን ከሞተሩ በፊት ቡሎኑ ‹‹አልፈታም›› ይላል።

እንደሚታወቀው ዝገት ብረት ከውኃና ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ነገር ነው። ይኸውም ከበላው ብረት ከሁለት እጥፍ የሚበልጥ ቦታ ስለሚይዝ፣ በቡሎኑና በዳዶው ጥርስ መካከል ገብቶ እንደ ሽብልቅ ይወጥራቸዋል። የደጋው ክረምትና የማለዳው ጤዛ ለዚህ በቂ ነው፤ ጨው ሲጨመርበት ደግሞ ጥፋቱ ይፋጠናል። ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከአንኮበር ቁልቁል፣ በአልዩ አምባ ገበያ፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት የአፋር ቆላ ጨው በግመል እየመጣ ይሸጥ ነበር። በኋላ ዘመን የአፍዴራን ጨው የሚያመላልሰው የጭነት መኪና ነው። ጨው የጫነ መኪና ሻንሲው በደንብ ሳይታጠብ ከቆመ ዝገቱ ሌሊትም አይተኛም።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ባለቤቱ ይቸኩላል፤ የቆመ መኪና ገንዘብ አያስገባምና መቸኮሉ አይፈረድበትም። መካኒኩም በኪያቬው ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክቶ ባለ በሌለ ኃይሉ ይጫናል፤ ቡሎኑም ከአንገቱ ይቀነጠሳል። ‹‹የቸኮለች አፍሳ ለቀመች›› የተባለው በጋራዥም ይሠራል። በአሥር ደቂቃ ሊድን የታሰበው ሥራ፣ የተቀነጠሰውን ለመብሳትና ጥርሱን እንደገና ለማውጣት ሙሉ ቀን ይፈጃል።

ስለዚህ መካኒኩ አስቀድሞ ሊለየው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ መዳን ያለበት የትኛው ነው? ቡሎን ይገዛል፤ የገባበት የሞተር አካል ወይም የአክስል ቤት ግን ለአሮጌ መኪና በቀላሉ አይገኝም። ባሌስትራን ከአክስል ጋር የሚያስሩት የ‹‹ዩ›› ቅርጽ ያላቸው ቡሎኖች ቢቆረጡ አያስቆጩም፤ ከተፈቱም በኋላ በአዲስ መተካታቸው ይመረጣል። በአንጻሩ በሞተሩ ራስ ላይ የተተከለ ቡሎን ከተሰበረ ጉዳቱ ለራሱ ለሞተሩ ይተርፋል። ትዕግሥት የሚያስፈልገው ለዚህኛው ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል የታወቀ ነው። መጀመሪያ ጥርሱ በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል። ቀጥሎ ዝገት የሚያላቅቅ ቀጭን ዘይት ይደረግበትና ሌሊቱን ያድራል፤ በማግስቱም ይደገማል። ቡሎኑ በመዶሻ ቀስ ተብሎ ሲመታ ዝገቱ ይሰነጠቅና ለዘይቱ መንገድ ይከፈታል። ኪያቬው ስድስቱንም ጎን የሚይዝ መሆን አለበት። ለመፍታት ከመሞከር በፊት ጥቂት ማጥበቅ፣ ከዚያም ወዲያና ወዲህ እያሉ ማለማመድ ይጠቅማል። በአንዳንድ አሮጌ የጭነት መኪኖች የግራ ጎማ ዳዶ ጥርሱ የተገላቢጦሽ ስለሆነ፣ ይህን ያላስተዋለ ሰው እየፈታ መስሎት ያጠብቃል።

ይህ ሁሉ ካልበቃ እሳት ይመጣል። መሞቅ ያለበት ዳዶው እንጂ ቡሎኑ አይደለም። ባለ 12 ሚሊ ሜትር የዳዶ ቀዳዳ ሙቀቱ በ300 ዲግሪ ሲጨምር የሚሰፋው 0.04 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ሆኖም የዝገቱን ቅርፊት ለመስበር ያችው ትበቃለች። በነዳጅ ጋን፣ በፍሬን ቱቦና በጎማ አጠገብ፣ እንዲሁም ዘይት በተርከፈከፈበት ቦታ እሳት ማንደድ ግን የሰው ሕይወት ያጠፋል።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት በእሳት የተፈታውን ቡሎን መልሶ መግጠም ነው። 8.8 የሚል ጽሑፍ ያለበት ቡሎን ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ በተለካ ሙቀት ነው፤ እስኪቀላ ከተቃጠለ በኋላ መልኩ ያው ቢሆንም ጉልበቱ ያው አይደለም። በጣሊያን ወረራ ዘመን በተሠራው የጣርማ በር ዋሻ በኩል የሚያልፍ መኪና፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታ ተነሥቶ 1,300 ሜትር ገደማ ወደ ሆነችው ሸዋ ሮቢት ቁልቁል ይወርዳል። በዚያ ጠመዝማዛ ላይ የመሪውንና የፍሬኑን ክፍሎች የያዘው ይኸው ቡሎን ነው። ለአንድ ቡሎን ዋጋ የሳሳ መካኒክ በሾፌሩና በረዳቱ ሕይወት ላይ ይቆጥባል። ባለቤቱ ‹‹ይህም ይሠራል፤ ግጠመው›› ቢል እንኳ እምቢ ማለት የሙያው ግዴታ ነው።

በመጨረሻም አዲሱ ቡሎን ሲገባ ጥርሱን ግራፋይት ያለበት ቅባት መቀባት መልካም ልማድ ነው። የማጥበቂያው ልክ የተሰጠው ለደረቅ ጥርስ ከሆነ ግን፣ የተቀባውን በዚያው ኃይል ማጥበቅ ከመጠን በላይ ይለጥጠዋልና ልኩን መቀነስ ያሻል።

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፤ ለወጣቱ ረዳት ኪያቬ ከመሰጠቱ በፊት ይህ ልዩነት ሊነገረው ይገባል። ዛሬ በቅባት የተገጠመ ቡሎን ከሃያ ዓመት በኋላ ያንኑ የቤተሰብ መኪና ለሚያድስ ሌላ መካኒክ ያለ እሳትና ያለ መዶሻ ሊፈታ ይችላል።